ብራ ለዓይን ቀላል፣ ለኪስ ከባድ

(አርጆ ከተማ በጥቅምት ወር መደበኛ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የብራ ወራት ኑሮ በከተማ ሰፈር» የሚል ነው። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ጊዜ ዘመነ መፀው ይሉታል። እኛ የአርጆና የነቀምቴ ሰዎች ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ብራ ማለት ይቀናናል። በኦሮምኛ ዓመቱ ጋና፣ ቢራ፣ ቦና፣ አርፋሳ ተብሎ ለአራት ይከፈላል። «ራ» ጠብቆ ይነበብ፤ ደጋፊዎቻችን የሚጠጣው እንዳይመስላችሁ! የብራ ወራት ፉልባና፣ ኦንኮሎሌሳና ሳዳሳ ናቸው፤ መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ማለት ነው።

ብራ ሲገባ ሰፈራችንን ያየ ሰው ሌላ ከተማ የገባ ይመስለዋል። ሦስት ወር ሙሉ ጫማ ሲነቅል የከረመው ጭቃ ይደርቃል። ፍራሽና ብርድ ልብስ አጥር ላይ ይሰጣል። ዝናብ የላጠው ግድግዳ በጭቃና በጭድ ይመረጋል፤ ሲያፈስ የከረመ ቆርቆሮ ይመታል። በቆሎ እሸት በየመንገዱ ዳር በከሰል ይጠበሳል። ከከተማ ወጣ ሲሉ የኑግ አበባ ማሳውን ቢጫ አድርጎት ይታያል። በመስቀል ዋዜማ ልጆቹ የጉባ ችቦ ያበራሉ። መስቀል ካለፈ በኋላ ኢሬቻ ይከተላል፤ ቅዳሜ አዲስ አበባ ላይ፣ እሑድ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ፣ ቀጥሎም በየአካባቢው ሰው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ክረምቱን ያሻገረውን ፈጣሪ ያመሰግናል። በመካከላችን ኦርቶዶክስ አለች፣ መካነ ኢየሱስ አለች፣ ሙስሊም አለች፣ ዋቄፋታ አለች። በዓሉን የምናከብርበት መንገድ ይለያይ እንጂ ብራ ሲገባ ደስ የማይላት ሴት በመካከላችን የለችም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ስለ ውበቱ ብቻ ተናግረን ብንቀመጥ ማኅበር የሚያሰኘን ነገር አይኖርም። ብራ ለዓይን ቀላል ቢሆንም ለኪስ ከዓመቱ ሁሉ የከበደ ወቅት ነው። ለምን እንደሚከብድ አንድ በአንድ እንየው።

የመጀመሪያው ነገር ወጪው ተከታትሎ መምጣቱ ነው። መስከረም 1 ዘመን መለወጫ ነው። ወዲያው ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የደንብ ልብስ፣ ጫማ ይፈለጋል፤ አራት ልጅ ያላት አራት ጊዜ ትከፍላለች። መስከረም 17 መስቀል ነው፤ ሥጋው፣ ቅቤው፣ የእንግዳው መስተንግዶ አለ። ከዚያ ኢሬቻ አለ፣ የቤት እድሳት አለ፣ በክረምት ጭቃ ምክንያት ሲተላለፉ የከረሙ ሠርጎችና ተዝካሮች አሉ። ሁሉም በሁለት ወር ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር እህሉ ገና ማሳ ላይ መሆኑ ነው። በእኛ አገር በቆሎው በደንብ ደርቆ የሚሰበሰበው፣ ጤፉም የሚታጨደው ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» በሚል ስም የሚታወቀው የወለጋ ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ይቀላል፤ ገንዘቡ ግን ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተሸጦ እስኪመጣ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ በመስከረም ገበያ የሚወጣው እህል ያለፈው ዓመት ትራፊ ነው፤ ጥቂት ስለሆነም ይወደዳል። የገጠር እህታችን ጎተራዋ ቢጎድል እንኳ ከጓሮዋ እሸት ትቆርጣለች፣ ጎመን ትቀነጥሳለች። የከተማዋ ሴት ግን ከጨው እስከ ማገዶ ሁሉን የምትገዛ ናት። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እህታችን ጤፉን በውድ ትገዛና የእንጀራውን ዋጋ ከፍ ስታደርግ ደንበኛዋ ይቀንስባታል። ሻይና ዳቦ የምትሸጠውም፣ ጠላ የምትጠምቀውም እንዲሁ ናት። በዓሉ ያራቆተው ደንበኛ ጥቅምት ላይ ቤቱ መዋል ይጀምራል።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ አራጣ ይወለዳል። መስከረም ላይ የተበደሩት ገንዘብ ጥር ላይ ከነወለዱ ሲመለስ የዓመቱን ትርፍ ይዞት ይሄዳል። ሴቲቱ ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ወጪዋና ገቢዋ በተለያየ ወር ስለሚውሉ ነው። የዛሬው ንግግራችንም ቁም ነገር ይኸው ነው። መስከረም ድንገት የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ በአንድ ቀን ይመጣል። ቀኑ የታወቀ ችግር ደግሞ ቀን ተቆርጦለት ሊዘጋጁለት ይቻላል።

ወደ ዝግጅቱ ከመሄዳችን በፊት በብራ ወደ ግቢያችን ስለሚገቡ ልጆች እንናገር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀበሌያቸው የሌላቸው የገጠር ልጆች መስከረም ላይ አርጆ ይገባሉ፤ ነቀምቴም የሚሄዱ አሉ። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ቤት ይከራያሉ። እሑድ ማታ ስንቃቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ይመጣሉ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ጥቂት ሽሮ። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። አርብ ከትምህርት ቤት እንደወጡ በእግር ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ። ብዙዎቻችን አከራዮቻቸው ነን፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቶቻቸውም አለን።

እነዚህ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ የሚጠፉት በጥቅምትና በኅዳር ነው። በመስከረም ተመዝግበው ደብተር ገዝተው የጀመሩ ናቸው። ጥቅምት ላይ የቤተሰብ ጎተራ ይራቆትና ስንቁ ያንሳል። ቀጥሎ ወፍ ጥበቃው፣ አጨዳው፣ የቡና ለቀማው «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብሎ ይጠራቸዋል። አንድ ሳምንቱ ሦስት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ያሳፍራል። መምህሩ በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ስላለበት ቶሎ ላያስተውል ይችላል። ሰኞ ጠዋት በሩ እንደተቆለፈ የምታየው ግቢ ውስጥ ያለችው ሴት ናት። ስለዚህ እኛ ከማንም በፊት እናውቃለን ማለት ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የግድ ወለጋን ለቅቃ መሄድ የለባትም። ይሁንና ያ በር የሚከፈተው የጥቅምትን ሐሙስ ላለፈች ልጅ ነው። ሐሙስ ማታ የምትሰጥ አንድ እንጀራ እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

ሌላው የብራ ጉዳይ ትኩሳት ነው። አርጆ ደጋ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ «ወባ የቆላ ሰው በሽታ ነው» ማለት ልማዳችን ነው። ነገር ግን የደዴሳ ሸለቆ ከእግራችን ሥር ነው። ባሎቻችንና ልጆቻችን ለአዝመራ ሥራና ለሸንኮራ አገዳ ሥራ ወደ ቆላ ይወርዳሉ፤ በደሌ ለንግድ የሚመላለስም ያንኑ ሸለቆ ያቋርጣል። ክረምቱ አቁሮት የሄደው ውኃ በብራ ፀሐይ ሲሞቅ ትንኝ ይራባል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት የሚሆነውም ለዚህ ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መግለጫ በአውሮፓ አቆጣጠር 2024 ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ከፍተኛ ጉዳት ከደረሰባቸው አካባቢዎች አንዱ ኦሮሚያ ነበር፤ ወለጋም ብዙ ቤት ኀዘን ገብቶበታል። መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ መድኃኒት የሚዘገይበትን ጊዜም ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስለዚህ እያንዳንዷ አባል ሦስት ነገር ትያዝ። አንደኛ፣ ቤቷ ውስጥ ሰው ሲያተኩሰው «ባለፈው ወር ቆላ ወርደህ ነበር ወይ?» ብላ ትጠይቅ። ወባ ከትንኟ ንክሻ በኋላ 7 ቀን፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚነሣው፤ ሰውየው ደጋ ከተመለሰ ቆየ ተብሎ ችላ ሊባል አይገባም። ሁለተኛ፣ ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ይደረግለት። ነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከሆነ ማደር እንኳ የለበትም። ሦስተኛ፣ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን አይዋጥ። በአገራችን በብዛት የሚታየው ወባ ሁለት ዓይነት ነው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ለአንዱ የሚሰጠው ኮአርተም ሲሆን በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ይወሰዳል። ለሌላው የሚሰጠው ክሎሮኪን ነው፤ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ለመጨረስ ደግሞ ፕሪማኪን በሐኪም ትእዛዝ ይጨመርበታል። የትኛው እንደሆነ ደም ሳይታይ አይታወቅም። የጀመረውን ኪኒን «ተሻለኝ» ብሎ ያቋረጠም በሽታውን አላዳነም፤ አስተኛው እንጂ።

ትኩሳት ካነሣን አይቀር ስለ ኅዳር 12ም እንናገር። ይህ ቀን የትልቅ ከተማ ሰፈር እንዴት እንደ አንድ ቤት ሊነሣ እንደሚችል የሚያሳይ ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው የስፔን ጉንፋን አዲስ አበባ ገባና በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ፤ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ቀባሪ ጠፍቶ አስከሬን በየቤቱ ያደረበት ጊዜ ነበር። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር 12፣ ሰው ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን አንድ ላይ ሰብስቦ ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል።

ከዚህ ልማድ የምንይዘውም የምንተወውም አለ። የምንይዘው አንድነቱን ነው፤ በአንድ ቀን ሁሉም ደጁን ይጠርጋል፣ በሽታ አጥር አይቶ እንደማይመለስ ሁሉም ያስታውሳል። የምንተወው ጭሱን ነው። በ1911 ዓ.ም. የተቃጠለው ቆሻሻ ቅጠልና ገለባ፣ እበትና ጨርቅ ነበር። ዛሬ በየደጃችን ያለው ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክና የጫማ ሶል ነው። የዚህ ጭስ መርዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚደርሰውም በጀርባችን ያዘልነው ሕፃን ጋ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ኅዳር 12 የማኅበራችን የጽዳት ቀን እንዲሆን፣ ቅጠላ ቅጠሉ በየጓሮው ተቀብሮ ማዳበሪያ እንዲሆን፣ ፕላስቲኩ ሳይቃጠል ለብቻ እንዲሰበሰብ፣ ውኃ ያቆረ ጉድጓድና ጣሳ ሁሉ እንዲደፋ ሐሳብ እናቀርባለን። ትንኝ የምትራባው በዚያ ውኃ ነውና አንዱ ሥራ ለሁለት ጠላት ይሆናል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንመለስ። ከላይ እንዳልነው በመስከረም እህል የለም። ነገር ግን ከጓሯችን አንድ ነገር ልክ በመስከረም ይደርሳል፤ አንጮቴ። ለደጋፊዎቻችን እንድናስረዳ፣ አንጮቴ ወለጋ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ሥራሥር ነው። ሐረጉ እንጨት ላይ ይወጣል፤ የሚበላው ከመሬት ውስጥ ያለው ነው። ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ተለውሶ ይቀርባል። ያለ አንጮቴ መስቀል መስቀል አይመስለንም። ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ አጥንት የተሰበረ ሰውና የወለደች እናት ይመገቡታል፤ ይህን እናቶቻችን ላቦራቶሪ ሳይኖር ያወቁት ነው።

አንጮቴ በበልጉ ዝናብ፣ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ይተከላል፤ በመስከረም ይቆፈራል። ሰፊ መሬት አይፈልግም፤ የአጥር ጥግ ይበቃዋል። በአብዛኛው የሴት ጓሮ ሰብል ነው፤ ሴት ተክላ፣ ሴት ቆፍራ፣ ሴት ትሸጠዋለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው በጣም የሚፈልገው በመስቀል ሳምንት፣ እኛም ገንዘብ በጣም የሚያስፈልገን በዚያው ሳምንት ነው። ወጪውና ገቢው በአንድ ወር የሚገናኙበት ሰብል ከዚህ የተሻለ አናውቅም። እያንዳንዳችን በየአጥራችን ጥቂት ብንተክልና ተሰብስበን በአንድ መኪና ነቀምቴ ገበያ ብናወርድ፣ አንድ በአንድ በየመንገዱ ዳር ቁጭ ብለን ነጋዴ በሚጠራው ዋጋ ከመሸጥ ይሻላል።

ከዚህ ተነሥተን ለስብሰባው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የመስከረም ሣጥን ነው። ከመደበኛው ቁጠባችን ለብቻ ተቆልፎ፣ ከነሐሴ መጨረሻ በፊት የማይከፈት ይሁን። ከኅዳር 1 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 300 ቀን፣ ማለትም ሙሉ 42 ሳምንት አለ። በሳምንት 50 ብር የምታስቀምጥ አባል ነሐሴ ላይ 2,100 ብር ይዛ መስከረምን ትቀበላለች፤ 20 ብር የምትችለው 840 ብር ይኖራታል። ብዙ ላይመስል ይችላል፤ ነገር ግን ወለድ የማይበላው ገንዘብ ነው። ዕቁብ ያላቸው እህቶቻችንም ዕጣው መስከረም ላይ እንዲወጣላቸው ከዕቁብተኛው ጋር እየተነጋገሩ ቢለዋወጡ ያው ጥቅም አለው።

ሁለተኛው እህልን በጥር መግዛት ነው። ጥር ላይ አውድማው ሁሉ ተወቅቶ ገበያው ይሞላል፤ ዋጋውም ይበርዳል። በጋራ ገንዘብ በቆሎና ጤፍ ገዝተን አስቀምጠን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ለአባላት በተገዛበት ዋጋና በጥቂት ወጪ እናድርስ። የእህል ጠላት ነቀዝ ነው፤ ስለዚህ እህሉ በደንብ ደርቆ፣ ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ ባለው ፒክስ በሚባለው ከረጢት አየር እንዳይገባው ታስሮ ይቀመጥ። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም።

ሦስተኛው የትኩሳትና የስንቅ ተራ ነው። በየሰፈሩ በሳምንት ተራ የምትሆን አንዲት አባል ትኑር፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ካለ ምርመራ መሄዱን፣ የተከራይ ተማሪዎች በር ሰኞ ጠዋት መከፈቱን ትይ። ከማኅበሩ ገንዘብ ለምርመራና ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ብር በእጇ ይቀመጥ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። በየመስከረሙ ለልጆች የምታመጡልን ደብተርና የደንብ ልብስ ከልብ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ያው ገንዘብ ጥር ላይ ለእህል መግዣ በብድር ቢሰጠን ሁለት ሥራ ይሠራል። በመጀመሪያ በክረምት የአባላትን ቤት ከውድ እህል ያድናል። ቀጥሎ እህሉ ሲሸጥ ገንዘቡ ተመልሶ ለትምህርት ቤት ወጪ ይደርሳል፤ በሚቀጥለው ጥርም እንደገና እህል ይገዛል። የምንለምናችሁ ገንዘብ እንድትጨምሩ አይደለም፤ ወሩን እንድትቀይሩልን ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ ትምህርት አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚህ በብራ ወቅት በዳዶ ነው የሚሠሩት። ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታጨዳል፣ ነገ የሌላው፤ ማንም ለብቻው አዝመራውን አይወጣም። ዳዶ የጉልበት ዕቁብ ነው። የገጠሩ ሰው እህሉ ዝናብ ሳያበላሸው የሚሰበስበው ተራው መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ከተማ ስንገባ ማሳውን ትተነው መጣን፤ ተራ መጠባበቁን ግን ልንተወው አይገባም።

ሦስቱ ሐሳቦች ለውይይትና ለድምፅ ክፍት ናቸው። ኅዳር 12 ጠዋት በ2 ሰዓት መጥረጊያ፣ አካፋና ሁለት ሁለት ማዳበሪያ ይዘን እዚሁ እንገናኝ፤ አንዱ ለቅጠል፣ አንዱ ለፕላስቲክ። የአንጮቴ ዘር ያላችሁ ለሚያዝያ አስቀምጡልን።

ብራው የሰላም፣ የጤናና የጥጋብ ይሁንልን።